ተርኪዋ ዛሬስ ጣለች?

ኪራሙ ሰላም ስታጣ አባቴ ነቀምቴ እኔ ዘንድ መጣ፤ የያዘው ከዘራውንና የለበሰውን ጋቢ ብቻ ነበር። በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ሄዶ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ያረባ ሰው፣ ጠዋት ተነስቶ የሚያሰማራው ሲያጣ ዝም አለ። ለማስተማር ስወጣ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ስመለስም እዚያው ነው። "እንዴት ዋልክ አባባ?" ስለው "አልሐምዱሊላህ" ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ዝምታው ይዞብኝ እንዳይሄድ ፈራሁ።

አከራያችን ሴትዮ ዲጋ የሚኖር ወንድማቸውን ጠይቀው ሲመለሱ አንዲት ጠና ያለች የተርኪ ጫጩት በካርቶን ይዘው መጡ። "አባኮ፣ ይቺ የእርስዎ ናት። እንቁላል ትጥልልዎታለች" አሉት፤ አባኮ በኦሮምኛ 'አባቴ' ማለት ነው። አባቴ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የውጭ አገር ዶሮ አይቶ አያውቅም። ይዞ አገላበጣት፤ አናቷ ላይ የአውራ ዶሮ ዘውድ የለም፣ እግሯ ላይ እሾህ የለም። "ቄብ ናት" ብሎ ፈረደ። ዶሮ በሚለይበት ነው የለያት። እኔም አመንኩት፤ ጠመኔ እንጂ ዶሮ ምን አውቄ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አከራያችን ወደ ገበያ ሲወጡ ድንጋዩ ዘንድ ቆመው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ሳይሉት አያልፉም።

"አከም ቡልተን አባኮ? ዛሬስ ጣለች?"

"ገና ናት ኢንተለኮ" ይላል አባቴ፣ 'ልጄ' ሲላቸው ነው፤ በዚያው ወሬው ይከተላል። ምን እንደበላች፣ ጭልፊት እንዴት እንዳሳደዳት፣ ኪራሙ የነበረችው ቦራ ላሙ ስንት ወልዳ ስንቱን እንዳሳደገች። አከራያችን ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ይሰሙታል።

ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ ተርኪዋ ጅራቷን ዘርግታ፣ ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ ጉሉጉሉጉሉ ብላ ግቢውን አናጋችው። ልብስ ታጥብ የነበረች ጎረቤታችን ብድግ አለች። "ውይ! ሴት ዶሮ ከጮኸች ገደቢስ ናት። ሳታድር ትታረድ!"

እኛም ዘንድ ወጉ ይኸው ነው፤ እንደ አውራ የጮኸች ዶሮ አትከርምም። አባቴ ከዘራውን ይዞ ተርኪዋ ፊት ቆመ።

ጉቴ ከተማ ለሚሠራ አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ፎቶዋን ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። "እህቴ፣ ይሄማ ወንድ ነው! ከምንቃሩ በላይ የተንጠለጠለው ሥጋ እንዴት እንደረዘመ አታዪም? ደረቱ ላይስ ያ ጭራ የመሰለ ፀጉር? ተርኪ በዘውድ አይለይም።"

ወንድ ከሆነ መጮህ ደንቡ ነው፤ ቢላዋው ቀረ። ግን እንቁላሉም አብሮ ቀረ። አባቴ ወደ ዝምታው ሊመለስብኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

መጀመሪያ ለአከራያችን ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ለቀቁት።

"እኔማ ከመጀመሪያው አውቃለሁ። ወንድሜ ሴቶቹን መች ይሰጠኛል!"

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት ስለ እንቁላል የሚጠይቁት?"

"'እንዴት አደሩ' ስላቸው 'አልሐምዱሊላህ' ብለው ይዘጉኛል። ስለ እንቁላል ስጠይቃቸው ግን ያወራሉ።"

ሴትዮዋ የኪራይ ቤት ብቻ የሰጡኝ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴን ያቆዩልኝ እሳቸው ኖረዋል። በቋንቋቸው "ገለቶማ" ብዬ አመሰገንኳቸውና እጃቸውን ሳምኩ።

ማታ ደግሞ ድንጋዩ ጎን ቁጭ አልኩ። "አባባ፣ ተርኪዋ ወንድ ነው አሉ።"

በእጁ የያዘውን በቆሎ በተነለት። "አብሽሪ" አለኝ። "መጀመሪያ ቄብ መስሎኝ ነበር፤ አንገቱ ሲቀላ ጊዜ ገባኝ። ይሄን ሁሉ ከብት ያረባሁ ሰው ወንድና ሴት ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ለልጅቱ፣ ለአከራያችን፣ እንዳትነግሪያት። ማለዳ ማለዳ ቆማ የምታዋየኝ እሷ ናት። ወንድ ነው ካልናት ምን ብላ ትቆማለች?"

የሁለቱንም ምስጢር ዋጥ አደረግሁ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ለጎረቤታችንም ተርኪ ሴቱም ወንዱም ይጮኻል ብዬ ዋሸኋት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት እንደማረፍድ እያወቅሁ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ተርኪው ደረቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን ዘርግቶ ግቢው መሃል ይንጎራደዳል። አከራያችን ዘንቢላቸውን ይዘው መጡና ድንጋዩ ዘንድ ቆሙ።

"አከም ቡልተን አባኮ? ዛሬስ ጣለች?"

"ገና ናት ኢንተለኮ። ነገ ኢንሻአላህ።"