ሁለት ጊዜ ተይዘዋል

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የጋሪ ፈረስ አስፋልቱ ላይ አዳልጦት ወደቀ። ጋሪው በርበሬ ጭኖ ነበር። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ባለጋሪው ማሰሪያውን ሲፈታ በቅርብ የነበርኩት እኔ ስለነበርኩ የፈረሱን አንገት ያዝኩለት። ፈረሱ ሁለቴ ሞክሮ በሦስተኛው ተነሣ።

እኔ ለዘገባ ወደ ሽንዲ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። የፈረስ ላብ ሽታን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የራሰ ቆዳ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ጨው የተቀላቀለበት ነው። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ። አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እጄን ግን እስከ ሽንዲ ድረስ አልጠረግኩም።

ያ ሽታ ለአምስት ወር ያህል የቅዳሜዬ ሽታ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ካደግኩባት ከደሴ መጥቼ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። ክፉ የሚናገረኝ ሰው አልነበረም። ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባልደረቦቼ "መልካም ሰንበት" ይሉኝና እያንዳንዳቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ወዳለበት የኪራይ ክፍሌ እገባለሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል ድረስ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ አንድ ሰሞን እየተከታተልኩ ቆጥሬዋለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበ ሜዳ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በፊዚዮቴራፒ የምትሠራና ከተሜው ሁሉ ሲስተር የሚላት ሴት ከጥቂት ወዳጆቿ ጋር ያቋቋመችው የበጎ አድራጎት ማኅበር የሚሠራበት ነበር። ማኅበሩ ባጃጅ ሲበዛ ከሥራ የወጡ ሦስት የጋሪ ፈረሶች ነበሩት። ቅዳሜ ጠዋት አካል ጉዳተኞች በነፃ ይጋልባሉ። "ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ እንደ ራሱ እግር ያንቀሳቅሰዋል" ብላ ነበር ሲስተር ያስረዳችኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ዜና ልጽፍ ነው። ጻፍኩ። በሳምንቱ የምጽፈው ነገር ሳይኖረኝ ተመልሼ ሄድኩ።

የሰጡኝ ሥራ በፈረሱ ጎን እየተራመድኩ ፈረሰኛው እንዳይወድቅ መያዝ ነበር። አንድ እጅ ጉልበቱ ላይ፣ አንድ እጅ ኮርቻው ላይ። እየጸና ሲሄድ እጅ ይነሣለታል፤ ሲያዘነብል ብቻ ይያዛል። ሲስተር ጽሕፈቴን ስላየች መዝገቡንም ለእኔ ሰጠችኝ። የእያንዳንዱ ፈረሰኛ ስም፣ ስንት ዙር እንደ ዞረ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተያዘ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ አንድም ጊዜ ሳይያዝ የዞረ ሰው ከዚያ በኋላ ብቻውን እንዲጋልብ ትፈቅዳለች። ሕጓ ይህ ነበር፤ ለማንም አታላላም።

እኔ የያዝኩት ሰው አንድ ገበሬ ነበሩ። ስድሳ አይሞላቸውም። አባባ እላቸው ነበር። በወጣትነታቸው የታወቁ ጋላቢ እንደነበሩ የሰማሁት ከሌሎች ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጥሏቸው የግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ልጆቻቸው ያን ጊዜ የቤቱን ፈረስ ሸጡባቸው። በየቅዳሜው ትልቁ ልጃቸው በባጃጅ ያመጣቸውና ለገበያ ይሄዳል።

"ከየት ነሽ?" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ከላይ ሆነው።

"ከደሴ።"

"እናንተ እኮ ቁልቁለት ነው አሉ የምትጋልቡት።"

"እኛም ጋ ፈረስ አለ፣ አባባ።"

"አይጠፋም። ሲወርድ እንጂ ሲወጣ ያየው የለም።"

ልጓሙን ይዞ ከፊት የሚሄደው የድሮ ጋሪ ነጂ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

ፈረሱ አንድ አመል ነበረው። በመንገድ ዳር ሰው እጁን ካነሣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለዓመታት ተሳፋሪ ሲያነሣ ኖሯል። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ሰላም ሲለን ፈረሱ ቆመ፤ ቢጎትቱት እምቢ አለ።

"አሳፍረዋ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አሉት አባባ ጋሪ ነጂውን።

"አያ፣ እርስዎ ከተቀመጡበት ወዲያ ቦታ የለም።"

"እኔ ልውረድለት እንዴ? ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።"

ወሩ ኅዳር ነበር። በየደጁ በርበሬ እንዲደርቅ ተሰጥቶ ስለነበር ነፋሱ ሲዞር እኛም ፈረሶቹም እናስነጥሳለን። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ መሃል በቀጭን በቀጭኑ ትገባለች፤ በእያንዳንዱ ዙር ብርሃንና ጥላ በፈረሱ ጀርባ ላይ ይፈራረቃሉ። እኔ የማየው የአባባን ጉልበት ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከላይ ይመጣል። ስለ ጤፉ፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው፣ ልትዳር ስለ ተቃረበችው ትንሿ ልጃቸው ያወሩኛል። በሳምንቱ ምን እንደ በላሁ ይጠይቁኛል። ሽሮ እላለሁ። "ትናንትስ?" ይላሉ። ሽሮ እላለሁ። ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

የልጃቸው ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። በእሳቸው አገር የሙሽራው ወገን በፈረስ ሲመጣ የልጅቱ አባት በፈረስ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይቀበላል። አባባ ይህን ማድረግ ይፈልጉ ነበር። ልጆቻቸው እሺ አላሉም። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሲስተር ብቻቸውን መጋለብ ይችላሉ ካለች የታናሽ ወንድማቸው ፈረስ ይሰጣቸዋል፤ ካላለች ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቀበላሉ። ሠርጉ ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት የቀሩት ሦስት ቅዳሜዎች ብቻ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ዙር ዞሩ፤ አንድም ጊዜ አልያዝኳቸውም። እንደዚያው ጻፍኩ። በሁለተኛው ስምንት ዙር። እንደዚያው ጻፍኩ። የዚያን ቀን ሲስተር መዝገቡን አይታ ደስ አላት።

"ከሳምንት በኋላ አባባ ሰው አያስፈልጋቸውም" አለችኝ። "አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። ከኮሌጁ ብዙ ፈቃደኞች መጥተውልናል። ቅዳሜሽን ወሰድንብሽ እኮ።"

"ምንም አይደል" አልኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ብርድ ነበር። አባባ አዲስ ጋቢ ለብሰው መጡ። ዘጠኝ ዙር ዞሩ። ወገባቸው ቀጥ ብሎ ነበር፤ አልታዘዝ ያለው ግራ እግራቸው እንኳ እርካቡን አልለቀቀም። ጉልበታቸውን የምይዝበት ቀኝ እጄ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሲወርዱ አጥሩን ተደግፌ መዝገቡን ከፈትኩ። ዘጠኝ ዙር ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ "ሁለት ጊዜ ተይዘዋል" ብዬ ጻፍኩ።

የልጆቻቸውን ስምምነት አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር። አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ሺህ ቁጥሮችን አጣርቻለሁ፤ የተሳሳትኩትንም በማግስቱ አርሜያለሁ። ያን ቀን የጻፍኩት ቁጥር ግን ስሕተት አልነበረም። አስቤ ነው የጻፍኩት፤ አንድ ቅዳሜ እንዲጨመርልኝ።

ሲስተር አንብባ ፊቷ ጠቆረ። "አባባ፣ እንግዲህ ገና ነው። እንደገና ከአንድ እንጀምራለን።"

"ኧረ እኔ ሲያዙ አላየሁም" አለ ጋሪ ነጂው።

"አንተ ፊትህን ወደ ፊት አዙረህ ነው የምትሄደው፤ በምን ታያለህ?"

አባባ መዝገቡን ሳይሆን እኔን አዩ። ብዙ አልቆዩም። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረው "እሷ ከጻፈችው ልክ ነው" አሉ። "ጎኔ የነበረችው እሷ ናት።"

ልጃቸው መጣ። ሲስተር ነገረችው። "እኔም ብዬ ነበር" አለና ደግፎ ወደ ባጃጁ ወሰዳቸው። አባባ ባጃጁ ውስጥ ሆነው "ሐሙስ እንዳትቀሪ" አሉኝ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ነበረኝ። የሲስተር ስልክ ቁጥር ነበረኝ። ሆስፒታሉ ከመሥሪያ ቤቴ አሥር ደቂቃ አይርቅም። አልደወልኩም፤ አልሄድኩም።

ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። መንደሩ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዶ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ዳሱ በአዲስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር። አባባ ዳሱ በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ያው የቅዳሜው ነው። ወደ ቀትር ላይ ከሜዳው ማዶ አቧራ ታየ፤ ጭፈራው ቀረበ። የሙሽራው ወገን በሰባት ፈረስ መጣ። የአባባ ታናሽ ወንድም በአንድ ቡላ ፈረስ ወጥቶ ሜዳው መሃል ላይ ተቀበላቸው። ሴቶች እልል አሉ። አባባ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ወንድማቸው ፈረሱን ሲያዞር "ልጓሙን አጠበቀበት" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

አጠገባቸው በርከክ አልኩ።

"አባባ፣ ያን ቅዳሜ አልያዝኩዎትም።"

"አውቃለሁ።"

"አንድም ጊዜ አልያዝኩዎትም።"

"ጉልበቴ ላይ እጅ ሲኖርና ሳይኖር አላውቅም እንዴ?" አሉ፣ ዐይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ፈረሶቹ ወደ ዳሱ እየቀረቡ ነበር፤ ከበሮው ጆሮ ያደነቁራል። ልነሣ ስል በደኅናው እጃቸው ክንዴን ያዙኝ።

"እኔ ልጆች አሉኝ፤ ወንድም አለኝ፤ ይኸው አገሩ መጥቶልኛል። አንቺ ቅዳሜን ወዴት ትሄጅበት ነበር?"

አማቶቻቸው ከፈረስ ወርደው ሊስሟቸው ስለ መጡ ክንዴን ለቀቁ። ትንሽ ቆይተው ከሰዎቹ መሃል "ለዚያች ልጅ ጠላ ስጧት፤ ከሩቅ ነው የመጣች" ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጥታ ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥታ እስክሪብቶ ሰጠችኝና "ራስሽ ሰርዥው፤ ፈርሚበት" አለች። ሰረዝኩ፤ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ። መዝገቡን ከዚያ ወዲህ አልሰጠችኝም።

ቅዳሜ ወደ ሜዳው ሄድኩ። አባባ ግን አልመጡም፤ የሠርግ ድካም ነው ተባለ። በሳምንቱም አልመጡም። እኔን አንዲት ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ላይ መደቡኝ፤ ከእናቷ በቀር ለማንም አትናገርም ነበር። የካቲት ሲያልቅ ባሕር ዳር ሥራ አገኘሁ። ዕቃዬ በአንድ ሻንጣና በአንድ ፌስታል አለቀ፤ ባልዲውን ለአከራዬ ሰጠኋት።

ሜዳው አሁን የለም፤ ከሽንዲ ስመለስ አየሁት፤ የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል። ሲስተር ደብረ ማርቆስ ናት። ጋሪ ነጂው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አባባ በዚያው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ዐርፈዋል፤ ልጃቸው በስልክ ነግሮኛል።

ከማረፋቸው በፊት፣ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሜዳው ተመልሰው መጥተው ነበር። ይህን የሰማሁት በዚህ ሳምንት ነው። ሲስተርንና ጋሪ ነጂውን ለየብቻ ደውዬ ጠየቅኳቸው። ሲስተር በአጥሩ በር ወጥተው እስከ አስፋልቱ ጋልበው ተመለሱ ትላለች። ጋሪ ነጂው አስፋልቱን ተሻግረው እስከ ድልድዩ ሄደዋል ይላል። ሰዓቱ ላይም አይስማሙም። ማንም እንዳልያዛቸው ግን ሁለቱም ነግረውኛል።