ከጎረቤቴ ጋር የታሰረው እጄ

የእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ሰው ጀርባውን እስከሚያስደግፍበት ድረስ በወዝ ጠቁሯል። የሽንት ባልዲው ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

«በምን መጣህ?» አሉኝ እስረኞቹ።

«በራሪ ወረቀት ሲበትን ነበር ተብዬ።»

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ማንበብ የተማርኩት በኋላ፣ እዚያው እስር ቤት ነው። ፊደል እንደማልለይ ስነግራቸው ሳቁ።

ወረቀቱን ከፍራሽህ ሥር አገኘን ያሉት ፖሊሶቹ ናቸው። ሲያወጡት አይቻለሁ ብሎ ፍርድ ቤት የማለው ግን የጌጃ ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ሽማግሌ። የፍተሻው ታዛቢ ብለው አምጥተውት ደጅ ነበር የቆመው።

ከወራት በኋላ እሱንም አመጡት። በሌላ ሰው ላይ መስክር ቢሉት እምቢ ብሎ። ለእኔ ያልመጣ ወኔ ለሌላው መጣለት።

አንድ የቀጠሮ ቀን ጠዋት፣ ቀኝ እጁን ከግራ እጄ ጋር በአንድ ካቴና አሰሩንና በእግር ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ነዱን። ማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ እጄ ወደ ላይ ተሳበ። ወደ ታች ያዝኩት። ብረቱ ሁለታችንንም ነከሰን።

«ተወኝ ልጄ፣ ላማትብ።»

ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኩትን ሰው፣ «በዚህ እጅህ አይደል የማልክብኝ?» አልኩት።

«ደጅ ነበርኩ። ምንም አላየሁም።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለዳኛው ንገር።»

እጁን እንደገና ወደ ላይ ሳበ። 

እኔ ሙስሊም ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ስሰግድ ክርስቲያኖቹ ፍራሻቸውን አጥፈው ቦታ ይለቁልኝ ነበር። አንድም ቀን ለምኛቸው አላውቅም።

እጄን አላላሁት። ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ፣ አብሬው ሄድኩ።

«ሽማግሌው፣ አጠመቅከው እንዴ?» አለ ፖሊሱ። ጓደኛው ሳቀ።

ለዳኛው አልተናገረም። ያን ቀንም፣ በኋላም። ፍርዴን ጨርሼ ወጣሁ፤ እሱም በጊዜው ተፈታ።

ዛሬም በግድግዳ እንዋሰናለን። ሰላም አልለውም። ፖሊስ ታዛቢ ሲፈልግ ሰፈሩ በሩን ይዘጋል። እውነት ብትናገር አንተ ትታሰራለህ፣ ብትዋሽ ጎረቤትህ። ማን ይውጣ? እኔም እዘጋለሁ።

ባለፈው ግን የመጡት የእሱን ቤት ሊፈትሹ ነበር። ወጣሁ።

«እዚህ ደጅ ላይ ቁም» አለኝ አንዱ።

«ከደጅ አይታይም» አልኩና ገባሁ። እስኪጨርሱ ድረስ እጅ እጃቸውን ሳይ ቆየሁ።