ማክሰኞ ያነጋገርኩት ሰው

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማክሰኞ ማንን ነው ያነጋገርሽው?” አለኝ አለቃዬ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ።

ከጎጃም መጥቼ ነቀምቴ፣ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ለልምምድ የተመደብኩ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። የእስረኛውን ስም ነገርኩት።

“እሱማ እሑድ ሆስፒታል አርፏል። ሰኞ ቀበሩት።”

“ከሬሳ ቃል የምትቀበል ተለማማጅ ላኩልን!” አለ አንዱ ጠበቃ ከጥግ። “እኛ እኮ በሕይወት ያለውንም ማናገር አቅቶናል።” ብቻውን ሳቀ።

አማትቤ ወረቀቱን አወጣሁ። ጽሑፉ የእኔ፣ ከታች ያለው የአውራ ጣት አሻራ የእሱ።

ያን ቀን መዝገቡ ገና አልደረሰኝም፤ ወደ ማረሚያ ቤቱ ይዤ የሄድኩት የስም ዝርዝር ብቻ ነበር። ጠባቂው ስሙን ሲጠራ ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ተነሣ። ሌሎቹ ፊቱን ሳያዩ መንገድ ለቀቁለት።

ባለጉዳዩ ስሙን ራሱ ይናገር ብለው አስተምረውን ነበር። በር መቆለፌን እንኳ ሦስት ጊዜ የማረጋግጠው እኔ ግን ስሙን ራሴ አንብቤ “አንተ ነህ?” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

“አቃጠልክ የተባልኩት ጎተራ ሲነድ እኔ አኖ ከተማ ቀብር ላይ ነበርኩ” አለኝ በዝግታ። “ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነኝ። ጠይቂልኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀልኝም።” አውራ ጣቱን ይዤ ነው ያስፈረምኩት። እጁ ይሞቅ ነበር።

መዝገቡ ሲመጣ ግን ሟቹ የተከሰሰው በከብት ስርቆት ሆኖ ተገኘ። ስለ ጎተራ አንድም ቃል የለበትም።

ተመልሼ ሄድኩ። “በጎተራ ቃጠሎ የተያዘ አለ?” ብዬ አስጠራሁ። ማንም አልተነሣም። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛውረው ነበር። ጠባቂው እስከ በሩ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አዴ፣ ወይዘሪት፣ ያን ቀን ብቻሽን ተቀምጠሽ ስትጽፊ ነው ያየሁሽ” አለኝ።

ዛሬም ከአገሬ ርቄ እዚሁ ነቀምቴ እሠራለሁ። ማታ ስጸልይ ከሕያዋን ልቁጠረው ከሙታን አላውቅም። ያ እጅ ግን የሕያው ሰው እጅ ነበር፤ በሌላ ሰው ስም የነገረኝን ቃል በራሱ ስም የሚያቀርብለት የለም።

ያን ማክሰኞ እዚያ ግቢ የነበራችሁ፣ መንገድ የለቀቃችሁለት፣ አትፍሩ፤ በማንም ላይ ክስ አላነሣም። አኖም ከእሱ ጋር ቃሬዛ የተሸከማችሁ ካላችሁ እባካችሁ እውነተኛ ስሙን ንገሩኝ።