ጥሙን የረሳ ጀሶ

የቢቸናው ሽታሁን፣ ድንጋይ ውስጡ ውኃ አለ ሲል ከማያምነው ሰው ጋር አይከራከርም። ከዓባይ ቁልቁለት የመጣውን ነጭ ድንጋይ ይፈጭና በብረት ምጣድ እሳት ላይ ይጥደዋል። ደረቁ ዱቄት እንደ ገንፎ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ተከራካሪው አፉን ይዘጋል። ዱቄቱ የወጣውን ውኃ መልሰው ሲሰጡት ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲይዝም ይሞቃል። ጀሶ ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ውኃው ጨርሶ መውጣት የለበትም።

«ካረረ ጥሙን ይረሳል» የሚለው ራሱ ሽታሁን ነው።

ይህን እያወቀ ነው ያጠፋው። በሚካኤል ማኅበር ዕለት ምጣዱን ጥዶ ሄደ። ቄሱ ሳያሳርጉ ተነስቶ መውጣት ነውር ነው፤ ጠላውም ጥሩ ነበር። ሲመለስ ዱቄቱ መንተክተኩን ከተወ ቆይቷል። «ደግሞ ለዚህ! ምን ይሆናል?» ብሎ በጆንያ ሞላው።

ያንን ጆንያ ይዞ የመምህርት ባንቺዓለምን ሳሎን ጣሪያ ሊያስጌጥ ሞጣ ሄደ። እናቷ እማሆይ ወለተ ሐና መንቀሳቀስ ተስኗቸው እዚያው ሳሎን ተኝተዋል። ባንቺዓለም ወደ ሥራ ስትወጣ «አልጋውን እናንሳው» ብላው ነበር።

«ምን አለፋን እህቴ፣ እጄን ሳላወርድ ይይዛል» አላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይኸው አሁን መሰላል ላይ ቆሞ፣ ቀደም ሲል በደህና ጀሶ የሠራውን የሰፌድ ስፋት ያለው ከባድ ጌጥ በሁለት እጁ ከጣሪያው ጋር አጣብቆ ይዟል። ማጣበቂያው ግን የዚያ ጆንያ ጀሶ ነው። መሞቅ ነበረበት፤ አልሞቀም። በውኃ የተለወሰው ጀሶ እንደ ቀዘቀዘ በክንዱ ይወርዳል። አንድ እጁን ቢለቅ ጌጡ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው የእማሆይ ራስ ነው።

«እማሆይ፣ እባክዎ ሰው ይጥሩ!»

«በየት ድምፄ ልጄ? ጎረቤቱስ ገበያ አይደል? ምነው፣ ከበደህ?»

«ትንሽ» ብሎ ዋሸ።

«ላብህ ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ?»

ሽታሁን ፈራ። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። «ጀሶውን አሳርሬዋለሁ እማሆይ። አይይዝም። እያወቅሁ ነው ያመጣሁት።»

እማሆይ አማተቡ። «እኔስ ዕድሜ ጠግቤአለሁ። አንተ ልጆች የሉህም?» አሉት።

ጌጡ ተንሸራተተ። ሽታሁን ደረቱ ላይ አቀፈውና ከአልጋው ወዲያ ወደ ኋላ ዘለለ።

እማሆይን ምንም አልነካቸውም፤ እሱ ግን ጤና ጣቢያ ሲደርስ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ነርሷ ጀሶ ያለበትን ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ክንዱ ላይ ጠመጠመችለት። ጥቂት ቆይቶ ቆዳው ላይ ሙቀት ተሰማው። ትልቁ ሰውዬ አለቀሰ።

«አመመህ ወንድሜ?»

«የለም እህቴ» አላት፤ «ሞቀ።»