የኤጭ ግራ ጆሮ

በመኪና ማቆሚያው ግቢ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ኤጭ» ይሉታል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ከባድ መኪና ሲነዳ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የማያስጠላው ነገር ገጥሞት አያውቅም። ብርጭቆ ሲሰጡት ያሸታል። ማንኪያ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ሌላ ሾፌር የጨበጠውን መሪ ሳይወለውል አይነካም። ሚስቱ ፎጣ ስታቀብለው «ይሄ ደግሞ ምን ነካው? ኤጭ» ይልና የሞተ አይጥ ያነሳ ይመስል በሁለት ጣቱ ያንጠለጥለዋል።

እንግዲህ ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የሕክምና ምርመራ ሐሙስ ቅረብ የተባለው ይሄው ሰው ነው። ዓይኑ ደህና ነው፤ ደም ግፊቱም አይከፋም። ጉዱ ያለው ጆሮው ላይ ነው። ሐኪሙ ከጀርባ ቆሞ ያንሾካሹካል፣ ሾፌሩ የሰማውን ይደግማል፤ ያልደገመ መሪ አይጨብጥም፣ ቤቱ ይቀመጣል። የኤጭ ግራ ጆሮ ደግሞ ከደነቆረ ሰንብቷል። መስኮት ከፍቼ ስነዳ ነፋሱ ነው፣ ሞተሩ ነው እያለ ሲያመካኝ ኖረ።

ሚስቱ ልታለማምደው ቆርጣ ተነሳች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ላይ እየተነሳች ከወንበሩ ጀርባ ትቆምና በሹክሹክታ ቃል ትጥልለታለች።

«ጎማ» አለች በቀኝ።

«ጎማ።»

«ፍሬን» አለች በግራ።

ዝም።

«ፍሬን አልኩህ እኮ።»

«ድምፅሽን ዋጥሽው። ደግሞ ትንፋሽሽ አንገቴን እያሞቀው ነው፣ ራቅ በይ።»

ራቅ አለች እንጂ አልተቆጣችም። እሱም በልቡ፣ ሚስት ማለት እንዲህ ናት፣ ከእኔ በላይ ለእኔ ትጨነቃለች ብሎ ኮራ።

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱም ዝም አላሉም፤ ዘይት አሙቀው መጡ። «አንዲት ጠብታ ብቻ ናት ልጄ፣ ዘንበል በል» አሉት። ጠብታ የተባለው ዘይት ጆሮውን ሞልቶ በአንገቱ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ትራሱ የመጥበሻ ሽታ ሸተተው፤ ምግብ ሲያኝክ ጆሮው ውስጥ የሚንቦጫረቅ ነገር እየተሰማው አፉ የገባውን ሁሉ መዋጥ አስጠላው።

ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ከጆሮው ሥር ሳህን አስይዛ በትልቅ ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ትረጭ ጀመር። አንዴ ረጨች፣ ደገመች፣ ከዚያ አንድ ነገር ሳህኑ ላይ ጠብ አለ። ለስሙ ኩክ ነው። ጠቁሮ፣ የባቄላ ፍሬ አክሎ፣ ዘይትና የመንገድ አቧራ ተለውሶበት፣ ፀጉር ተለጥፎበት። ስንቱን ያየችው ነርስ እንኳ ፊቷን አዞረች። የሰው ብርጭቆ የሚያሸተው ሰውዬ ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ጭንቅላቱ ውስጥ ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል። «ኤጭ» ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ማጠቢያው ጋ ሮጦ አስመለሰው።

ጆሮው ግን ተከፈተ። ወደ ቤት ሲመለሱ የሚስቱ ቀሚስ ኮሽታ ሳይቀር ተሰማው። «ለውጥ አለው?» ስትለው፣ ሐሙስ ላስደንቃት ብሎ «ገና ነው» አላት።

ምሳ ላይ እናትና ልጅ እንደ ወትሯቸው በግራው በኩል ተቀመጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ገና ዛሬ መታረቁ ነበር። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ «ይሄ ጠርዙ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ። ሚስቱ ጮክ ብላ «አሁን እቀይርልሃለሁ» አለችና ወደ እናቷ ዘንበል ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንገሽግሾኛል እኮ እማዬ።»

«ቻይው ልጄ። ሐሙስን ካለፈ መንገዱን ይሄድልናል።»

«ከወደቀስ? ቤት ከዋለስ? እኔ አብዳለሁ። ለእሱ ብዬ መሰለሽ ጀርባው ላይ ቆሜ ሳንሾካሹክ የከረምኩት?»

ሳህኑን መልሶ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላያቸውም። ብዙ ነገር ሲጸየፍ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ራሱን ተጸየፈ፣ ጠዋት ሳህን ላይ የወደቀውን ነገር ያህል። ደግሞም እነሱን ጠላቸው። የቱ እንደሚብስበት አያውቅም።

ሐሙስ ሐኪሙ ከጀርባው ቆመ። «ሰማንያ ሁለት» አለ በግራ በኩል፣ በትንፋሽ። ጥርት ብሎ ገባው። ዝም አለ። ዝም ብሎ ቢወድቅስ? ቤት ተቀምጦ ሳህን ሳህኑን ሲመረምር ይከርምባቸዋል፤ ያኔ መንገሽገሽ ምን እንደሆነ ያዩታል። ግን እሱስ ከእነሱ ጋር ቤት መዋል ይችላል? ሐኪሙ ደገመለት።

«ሰማንያ ሁለት» አለ ኤጭ። አለፈ።

ቤት ሲደርስ ሁለቱም በር ላይ ጠበቁት። «እንዴት ሆነ?» ቢሉት፣ ፊታቸውን ሊያይ «ወደቅኩ» አላቸው። ሚስቱ «አይዞህ» አለችው፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። አማቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም፤ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና «ስቀልድ ነው፣ አልፌያለሁ» አለ።

ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እንባዋም ወረደ። እንደዚያ ስትደሰት አይቷት አያውቅም።

«ታዲያ መቼ ነው የምትወጣው?» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ነገ» አላት። ጭነቱ የሚነሳው ግን ሰኞ ነበር።