የሚስቴ ፀጉር ማድረቂያና የመኪናዬ መብራት

"ቀጭ!"

የመኪናዬ የፊት መብራቶች አልበራም ብለው እምቢ ስላሉኝ ዛሬ ጠዋት የግራውን ሶኬት ሳብ ባደርገው እጄ ላይ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ።

ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት ስፖርት መኪና ናት፤ የአትላንታ ፀሐይ ፕላስቲኳን አድርቆታል።

የድሮው የላዳ ታክሲ ሹፌር፣ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ፣ "ሶኬቱን ቆርጠህ ሽቦውን ዳይሬክት ከአምፖሉ ጋር እሰረውና ተገላገል!" አሉኝ። የቀኙን ልቆርጥ ፒንሳ አነሳሁ።

ሚስቴ ፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ ወጣች። "መጀመሪያ አሙቀው እንጂ! የደረቀ ነገር በጉልበት ይላቀቃል?"

አሞቅኩት። ለስለስ ብሎ ወጣ። ዝገቱን ጠርጌ መልሼ ስሰካው መብራቱ ቦግ! ለግራው አዲስ ሶኬት ኦርደር አድርጌያለሁ።

ጋሽ ታደሰ "ላዳዬ እሷ እጅ ገብታ ቢሆን ዛሬም ትሄድ ነበር" አሉ።

እናንተስ ከቤት ምን ተውሳችሁ መኪና ሠራችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ማድረቂያው ግሪስ ነክቶታልና ብቻዬን እንዳልወቀስ።