እግሬና የወንድሜ ማር

አማኑኤል ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ናት። ጫማ አድርጌ መርገጥ አልወድም፤ አካሄዷ አይታወቀኝም። አንድ ቀን የሠርግ ቀሚስ እየጨረስኩ ወደ ታች ባይ መርገጫው ላይ ደም አለ። የማን ደም ነው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። የእኔ ነበር። የተሰበረ መርፌ የእግሬ አውራ ጣት ሥር ተሰክቶ ቆሟል። አላመመኝም። ምንም አልተሰማኝም።

ሳቅኩ እላችኋለሁ! መርፌውን ነቀልኩና «ስትወጋኝ ኖረህ ቆዳዬን አደነደንከው» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ በፊትም ውሃ ውሃ ይለኝ፣ ሽንት ቤት ያመላልሰኝ ነበር፤ ዕድሜ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ቁስሉ ግን አልድን አለ። ጠቆረ። ሸተተ። ያኔ ነው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሄድኩት።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ጣቴን ወጋ አድርጋ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም መለኪያው ላይ አስነካች። ከአራት መቶ በላይ አለ።

«እናቴ፣ የስኳር በሽታ አለብዎት» አለችኝ። «መርፌው ያልተሰማዎት የእግርዎ ነርቭ ስለተጎዳ ነው። ኒውሮፓቲ ይባላል።» ቁስሉን ጠርጋ ብዙ አየችው። «ስኳሩ ካልወረደ ይህ ቁስል አይድንም። ሥጋው ሞቶ ጋንግሪን ከሆነ መቁረጥ ይመጣል።»

መቁረጥ። ከዚህ ቃል በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምበላው ከዚያች መርገጫ ነው። ያለ እግር ምን ልሆን ነው? መንገዱን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ እግሬን በሁለት እጄ ይዤ ተመለስኩ።

ሜትፎርሚን የሚባል እንክብል ታዘዘልኝ፤ ስኳርና ጣፋጭ ነገር እንድተውም ተነገረኝ። እኔ ደግሞ ተዉ ካሉኝ እተዋለሁ። ሻዬን መራራ አደረግኩ፤ ለስላሳ የሚባል ነገር ቤቴ እንዳይገባ ከለከልኩ፤ ሠርግ ቤት ኬክ ሲያዞሩ ፊቴን አዞርኩ። በቀጠሮዬ ኩራት ኩራት እያለኝ ሄድኩ። ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። ኢንሱሊን ተጨመረልኝ፣ መለኪያም ሰጡኝ። አሁንም አልወርድ አለ። ቁስሉም እየጠለቀ ሄደ።

ለካስ ቤቴ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሉ ደብረ ወርቅ አካባቢ ንብ ያረባል። መታመሜን ሲሰማ አንድ ገንቦ ማር አሸክሞ መጣ። «እታለም፣ አንቺን የጎዳሽ የፋብሪካ ስኳር ነው። ይህ ከአደይ አበባ የመጣ ነው፤ ቁስል ይጠግናል» አለኝ። በየማለዳው በባዶ ሆዴ ብርዝ፣ ማር በውሃ በጥብጬ፣ በትልቅ ብርጭቆ እጠጣ ጀመር። እኛ አገር ማር ከምግብ አይቆጠርም። ለሳል ማር ነው፣ ለአራስ ማር ነው፣ ለቁስል ማር ነው። ማርን ስኳር ነው የሚለኝ ቢመጣ ንቦቹን የሰደበ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ «ከጠዋት ጀምሮ አፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኳት፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ መራራ ሻይ። ግንባሯን አሸች። «መድኃኒትስ?» አለችኝ።

«እንክብሉን እውጣለሁ። መርፌዬን እወጋለሁ። ብርዜን እጠጣለሁ።»

«ብርዝ?»

«አዎ፣ በንጹሕ ማር። ወንድሜ ነው የሚያመጣልኝ።»

አልሳቀችብኝም፣ እግዜር ይስጣት። «እናቴ፣ ከአበባ ይምጣ ከፋብሪካ፣ ደምዎ አይለየውም። ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስኳርዎ ወርዶ ሲያንቀጠቅጥዎትና ሲያልብዎት ግን ያንኑ ማር በማንኪያ ይውሰዱ፤ ያኔ ያድንዎታል» ብላ ጨመረች።

ማን ሊያምናት! ቤት ስደርስ ጋሼ ሙሉ ተቀምጧል። የሆነውን ስነግረው ተቆጣ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ በማግስቱ ማለዳ እሱ እያየ ስኳሬን ተለካሁ፣ ብርዜን ጠጣሁ፣ ቆይቼ እንደገና ተለካሁ። እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ፤ ቁስል ይዞ መሞከር ሞኝነት ነው። ቁጥሩ ግን ወይ ጉድ! ከመጠጣቴ በፊት ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጋሼ መለኪያውን ከእጄ ወስዶ አገላብጦ አየው። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። «እግርሽን ስቆርጥ የነበርኩት እኔ ነኛ» አለ። አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ገንቦውን ያን ቀን ይዞት ወጣ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብርዙን በተውኩ ሰሞን ስኳሩ መውረድ ጀመረ፤ እኔም ያቺን ትንሽ መሣሪያ እንደ ዐይኔ ብሌን ይዤ ምን ስበላ ምን እንደምትል ማየት ጀመርኩ። ማለዳ የገብስ በሶ ያለ ማር፣ በውሃና በጨው ለውሼ ስበላ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይመለሳል። ምሳ ላይ እንጀራውን ከመቁረሴ በፊት ከጓሮዬ የቀነጠስኩትን ጎመን አስቀድሜ፣ ቀጥዬ ምስር ወይም ወፈር ያለ ሽሮ በልቼ፣ እንጀራውን ቀንሼ ስጨርስ፣ ያው እንጀራ ብቻውን ሲበላ ደሜን የሚያናውጠው፣ ጸጥ ብሎ ይገባል። የባቄላ ንፍሮ እስከ ማታ ያቆየኛል፣ ተልባም ያለ ማር ሲጠጣ ይስማማኛል። ለጥሜ ግን ከንጹሕ ውሃ የሚበልጥ አላገኘሁም። አቤት የፈጣሪ ሥራ! ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት ገብስና ጎመን ውስጤ ገብቶ ይህን ሁሉ እንደሚሠራ ማን ነገረኝ? ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር እጄን አፌ ላይ እጭን ነበር።

ጎረቤቶቼ አብሽ ጠጪና መርፌውን ተዪ አሉኝ። ሐኪሟን ስጠይቃት «አብሹን ወጥዎ ውስጥ ይብሉት፤ ኢንሱሊኑን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ» አለች። ሰማኋት።

«መርፌ ተወግተው ሳይበሉ አይቆዩ» ያለችኝን ግን አንድ ቀን አልሰማኋትም። ጾም ነበር። መርፌዬን ተወግቼ፣ ምንም ሳልቀምስ ቅዳሴ ቆምኩ። ቅዳሴው ሳያልቅ አንቀጠቀጠኝ። ላብ አጠመቀኝ። ዓለም ጨለመብኝ። ሊጠይቀኝ መጥቶ አብሮኝ ያስቀደሰው ጋሼ ሙሉ ደግፎ ወደ ግቢው ዛፍ ሥር አወጣኝና ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ማር በጣቱ አጎረሰኝ። ሐኪሟ ያለችውን ከነገርኩት ጊዜ ጀምሮ ብልቃጧን ይዞ ይዞር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዐይኔ ተከፈተ፤ የሰዉ ድምፅ ከሩቅ ወደ ቅርብ መጣልኝ። ጋሼ የእጁን ጣት ደጋግሞ አየ፣ ከዚያ ፊቴን። ያው ማር ነው። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ተቆጡኝ፤ «መድኃኒት እየወሰድሽ ማን ጹሚ አለሽ? በሰዓትሽ ብዪ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ በሰዓቴ እበላለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታው ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ፋሻው ተፈትቶ ሲያልቅ ዐይኔን ገለጥኩ። ጥቁሩ ሥጋ የለም። በቦታው እንደ ሕፃን ከንፈር የቀላ አዲስ ቆዳ ሸፍኖታል።

«ይህ እግር ከእርስዎ ጋር ይኖራል» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ የገዛ እግሬን ሳምኩት። ተያይዘን ሳቅን።

አምላኬን አመሰግናለሁ። ያችን ልጅ ደግሞ፣ ሳትቆጣ ስለጠየቀችኝ። ጋሼ ሙሉ አሁን ሲመጣ ገብስና ባቄላ ነው የሚያመጣልኝ። ነርቩ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም ማታ ማታ እግሬን በመስተዋት ገልብጬ አያለሁ፣ መኪናዬንም በጫማ እረግጣለሁ። አካሄዷን ለመድኩት።

እናንተም ስኳር አለባችሁ ከተባላችሁ በባዶ እግር አትሂዱ፤ ያልተሰማችሁ ቁስል እንዳይኖር በየቀኑ እዩ። ጎመኑንና ጥራጥሬውን አስቀድሙ፤ መድኃኒት ከማቆማችሁም ከመጨመራችሁም በፊት ሐኪም ጠይቁ። ደግሞ ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ ስትባሉ ሁሉንም ተናገሩ። በተለይ የሚወዳችሁ ሰው ያመጣላችሁን።